በር ላይ ጥያቄ የለም

የአጁሉን ሞት የነገረችኝ ልጄ ቤቲ ናት። ሬድመንድ ካለው መሥሪያ ቤቷ ኮል አድርጋ፣ «እማ፣ ቁጭ ብለሻል?» አለችኝ። ቆሜ ሳህን እያጠብኩ ነበር። «ተቀምጫለሁ» አልኳት። እንዲህ ተብሎ የሚጀመር ወሬ ምን ይዞ እንደሚመጣ በዚህ ዕድሜዬ አውቃለሁ። ነገረችኝ። የቧንቧውን ውሃ ዘግቼ እጄን አደራረቅሁ። ልጄ ከወዲያ በኩል ጠበቀችኝ፤ የማለቅስ መስሏት ይሆናል። እኔ ግን የማስበው ስለ በሩ ነበር።

እዚህ አሜሪካ፣ ሬኒየር ቫሊ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ፣ ባቡሩ ከሚያልፍበት መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንዲት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን አለች። ከጎኗ ያሉት አዳዲስ ፎቆች ቁልቁል ያዩዋታል። አሜሪካኖቹ ኤፒስኮፓል ይሏታል፤ አጁሉ ግን በአገሯ እንደለመደችው አንግሊካን ነበር የምትላት። ምእመናኗ ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም እንደኔ ያረጁ። አጁሉ እሑድ እሑድ በዚያች ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማ የመጣውን ሁሉ ትቀበል ነበር። ኩላሊቷ ከደከመ በኋላ እንኳ ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቃት አንድ ነገር ነው፤ እሷ ስትቀር ያ በር ክፍት ይሆናል ወይስ ይቆለፋል የሚለው።

እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ዛሬም እንደዚያው ነኝ። የራሴ ቤተ ክርስቲያን ሩቅ ነው። ቤቲ በመኪና ካላደረሰችኝ በሁለት አውቶቡስ ነው የምሄደው። ቤቲ እሑድም ሥራ የምትገባበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ እሑድ አውቶቡስ ስጠብቅ ዝናቡ በረታብኝና ከፌርማታው ፊት ለፊት ካለችው ከዚያች ቤተ ክርስቲያን በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። ከውስጥ ዝማሬ ይሰማል። የማን እንደሆነች አላወቅሁም፤ መስቀሉን አይቼ መቃኑን ተሳለምኩና ዳር ይዤ ቆምኩ። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ። እኔም ጸሎቱ እስኪያልቅ ቆሜ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ቤቲ በማትመጣበት እሑድ ሁሉ እየሄድኩ እዚያው በረንዳ ላይ መቆም ለመድኩ። ወደ ውስጥ ግን አልገባም ነበር። የስኳር መድኃኒቴን የምወስደው ቁርስ በልቼ ነው፤ እህል የቀመሰ ሰው ደጅ ቆሞ ይጸልያል ተብዬ ነው ያደግሁት። ደግሞም ቤቱ የኔ አይደለም። በአገራችን ደጀ ሰላም ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እዚህ ግን ያዩኛል። መስኮቱ ዝቅተኛ ስለሆነ አንገታቸውን ቀና እያደረጉ ያዩኝ ነበር።

ያላየችኝ መስላ ያየችኝ አጁሉ ብቻ ናት። ረጅም ሴት ነበረች፣ በበሩ ስታልፍ ጎንበስ የምትል። በጋም ክረምትም ሰማያዊ ሹራብ ትለብሳለች። መጀመሪያ ጊዜ ሳታናግረኝ ወንበር አውጥታ ከጎኔ አስቀመጠች። በሚቀጥለው ጊዜ በሩን እኔ እንድሰማ ገርበብ አድርጋ ተወችው። በሦስተኛው ጊዜ ይመስለኛል በአማርኛ፣ «ብርድ ነው፤ ይህን ደርቢ» ብላ ፎጣ ሰጠችኝ። ደነገጥኩ።

«አማርኛ ከየት አመጣሽ?» አልኳት።

«ከጋምቤላ። አዲስ አበባም ብዙ ኖሬያለሁ። አጁሉ እባላለሁ።»

«እኔ ዘነበች።»

«እሺ እትዬ ዘነበች። ተቀመጪ።»

በዕድሜ የምትበልጠኝ አልመሰለችኝምና አንቺ ማለቷ ትንሽ ከነከነኝ። በኋላ ስንቀራረብ ይህንኑ አነሳሁባት። ሳቀች። «አውቃለሁ እኮ። አንቱ ካልኩሽ ትርቂያለሽ፤ እንደ ትልቅ ሰው ትኮሪና ወንበሩንም እምቢ ትያለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ግቡ አትልም። ሰው ሲመጣ ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ትላለች፤ ግብዣዋ ያ ብቻ ነው። የመጣው መግባት ከፈለገ ይገባል፣ ካልፈለገ እንደኔ ይቆማል። ማነህ፣ ከየት ነህ፣ ምን ትፈልጋለህ ብላ አታውቅም። ሻንጣውን የሚጎትት፣ ራሱን እያናገረ የሚመጣ፣ ሽንት ቤት ብቻ ፈልጎ የሚገባ ሁሉ ያው ነው። ምክንያቷን የነገረችኝ አንድ ቀን ወንበር አምጥታ ከጎኔ ተቀምጣ ነው። ያመነችው ጋምቤላ ውስጥ ከሱዳን የተሰደዱ ሰዎች በሠሯት የሣር ክዳን የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ነበር። «ግድግዳዋ ግማሽ ነበር፤ በርም አልነበራትም» አለችኝ። «ውሃ ቀድታ የምታልፍ ሴት እንስራዋን አስቀምጣ አሜን ብላ ትሄዳለች።» በኋላ አዲስ አበባ መጥታ ሆስፒታል በጽዳት ስትሠራ፣ አንድ እሑድ ሰፈሯ ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። የየትኛው እምነት እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ዘበኛው እጁን ዘርግቶ፣ «ምን ፈልገሽ ነው?» አላት።

«ምን አልሽው?»

«ምን እላለሁ? መልሱ ጠፋኝ። ተመልሼ ሄድኩ። እስከ ዛሬ መልሱ አልመጣልኝም።» ከዚያ ሹራቧን ጎተት አድርጋ፣ «ሶ፣ በር ላይ ጥያቄ የለም» አለች።

እነዚህ ሰዎች በጸሎታቸው መካከል ሰላም የሚባባሉበት ጊዜ አላቸው። በሌላው ቦታ ከጎን ካለው ጋር ተጨባብጠው ይቀመጣሉ ይባላል። እዚህች ቤት ግን ሁሉም ሁሉንም ካልጨበጠ አይቀመጥም። ቄሷ ሱዛን ትባላለች፤ ቄሷ ሴት መሆኗን ለመልመድ ጊዜ ፈጅቶብኛል። እሷም ከመቅደሱ ወርዳ ትዞራለች። አንድ ዝናባማ እሑድ በዚያ ሰዓት አጁሉ ከበሩ ብቅ ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። «ሰላም ለአንቺ ይሁን» አለች። «ለአንቺም» ብዬ ጨበጥኳት። የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል ከኋላዋ ሰልፍ ይዘው ወጥተዋል። ሽማግሌዎች፣ አሮጊቶች፣ ቄሷ በነጭ ልብሷ፣ ሁሉም ዝናቡ ላይ። አንድ በአንድ ጨበጡኝ። አንገቴን ደፍቼ እጄን ብቻ ሰጠኋቸው። አጁሉ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ትስቃለች።

«ምን ያስቅሻል?» አልኳት ሲገቡ።

«እንደ ሙሽራ አስመሰሉሽ እኮ።»

ሌላም ልማድ አላቸው። ጸሎቱ ሲደርስ የታመመ፣ የተቸገረ፣ የሞተ ሰው ስም እያንዳንዱ ከተቀመጠበት ጮክ ብሎ ይጠራል። አጁሉ ከበሩ ላይ ሆና ነበር የምትጠራው። መጠየቅ ስለማትወድ የብዙዎቹን ስም አታውቅም። «ባለ ቀይ ጃኬቱ» ትላለች በእንግሊዝኛ። «ባለፈው ጫማዋ የረጠበባት ልጅ።» «ውሻው የሞተበት ሰውዬ።» ማንም አይስቅም። ሁሉም እንደ ስም ተቀብሎ ይጸልይላቸዋል። እኔን ምን ብላ ትጠራኝ እንደነበር ለማወቅ ፈልጌ ጆሮዬን አቁሜ አውቃለሁ፤ ግን ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ስለ ራምፑ ልናገር። ሃሮልድ የሚባል አናጢ የነበረ ሽማግሌ አለ። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ኮቱን ሳያወልቅ ይቀመጥ ነበር። በሩ ለኔ ሲባል ገርበብ ስለሚል ብርዱ እሱን ነው የሚመታው። አንድ እሑድ ስመጣ በረንዳው ፊት ጣውላ ተከምሯል፤ ሃሮልድ በጉልበቱ ተንበርክኮ ብሎን ያጠብቃል። ከደረጃው ጎን ዊልቸር የሚወጣበት ዓይነት ተዳፋት የእንጨት መንገድ ሠርቷል። ሲያየኝ ተነስቶ ቆቡን አወለቀና እንደ አስተናጋጅ እጁን ወደ ራምፑ ዘረጋ።

«ለአንቺ ነው» አለች አጁሉ።

«ለእኔ? ለምን?»

«ደረጃው አስቸግሯት ነው የማትገባው ብለው ነው። ተሰብስበው መከሩበት።»

«የቱ ደረጃ? ይህቺ? እኔ ሁለተኛ ፎቅ አይደለም እንዴ የምኖረው? ደግሞ በረንዳው ላይ የምቆመው በምን ወጥቼ መሰላቸው?»

«ተጎትታ፣ በስንት ስቃይ ነው የምትወጣው ብለዋል።»

«ለምን እንደማልገባ አንቺ ታውቂያለሽ። አዲስ አበባ ኖረሻል። ለምን አልነገርሻቸውም?»

«አልጠየቁኝም» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ መዶሻ አንስቶ አያውቅም። ሲያፏጭ አልሰማሽም? ይልቅ ሰውየው እየጠበቀ ነው፤ ሂጂበት» አለችኝ።

ምን አደርጋለሁ? ዱላዬን ይዤ በራምፑ ወጣሁ። ምእመናኑ ሁሉ በሩ ላይ ቆመው አጨበጨቡልኝ። ላይ ስደርስ እንደ ወትሮዬ መቃኑን ተሳልሜ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ጭብጨባው ቀስ እያለ ቆመ። ሃሮልድ አንዴ እኔን አንዴ ራምፑን እያየ አገጩን አሸ። አጁሉ ግድግዳ ይዛ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

በሚቀጥለው ስመጣ ራምፑ መደገፊያ ተሠርቶለታል። ሃሮልድ የጎደለው እሱ መስሎት ነው። ከዚያም እግር እንዳያንሸራትት ሸካራ ነገር ለጠፈበት። ከዚያም በረንዳውን በጎን ከነፋስ ጋረደው። «እባክሽ ንገሪው፤ ይህ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን አፍርሶ እንደገና ሊሠራው ነው» ብዬ አጁሉን ለመንኳት። በመጨረሻ ነገረችው። ወደ እኔ ወጣና ወንበሬን በእጁ ጫን አድርጎ ሞከረው። በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለ።

«ምን አለ?»

«ታዲያ ወንበሩ ትራስ ያስፈልገዋል አለ።»

ትራሱን አመጣው። እስከ ዛሬ አለ።

አጁሉ ስትታመም የኩላሊት እጥበት ጀመረች። ስትሠራ የኖረችው አረጋውያንን በመንከባከብ ነበር። አሁን በተራዋ ሌሎች ይንከባከቧት ጀመር። ከእጥበት ወደ እጥበት እየደከመች ስለሄደች እሑድ መምጣት አልቻለችም። በዚያው ሰሞን ከኮት መስቀያው ላይ የአንዲት አሮጊት ቦርሳ ጠፋ። ማን እንደወሰደው አልታወቀም። ልጠይቃት ቤቷ ስሄድ ሶፋ ላይ ጋደም ብላ አገኘኋት። ሰላምታ እንኳ አላስጨረሰችኝም።

«ሊቆልፉት ነው» አለች።

«ምኑን?»

«በሩን። ጸሎት ከተጀመረ በኋላ ይቆለፍ፣ የመጣ ሰው ደወል ይደውል አሉ።»

«ቢደውል ታዲያ ምን አለበት?»

ቀና ብላ አየችኝ። «እትዬ ዘነበች፣ አንቺ ደወል ትደውዪ ነበር?»

አልደውልም ነበር። ዝናቡ ቢያባራም ባያባራም ወደ ፌርማታው እመለስ ነበር።

«ቄሷ ምን አለች?»

«ሰው ከቆመበት አንቆልፈውም ብላለች። ግን ማን ይቆማል? ሃሮልድ ጆሮው ደክሟል። ሌሎቹ መቆም አይችሉም፤ የሚችሉት ደግሞ ዘማሪዎች ናቸው።» አንሶላውን ወደ አገጯ ሳበች። እጇ ከስቷል።

የምታስበው ገባኝ። «እኔን እንዳትዪ» አልኳት።

«መቼ አልኩ? እኔ በር ላይ አልጠይቅም።»

«ይሄ በር ነው እንዴ? ሶፋ ነው።»

«እንደሱ ከሆነ ጠየቅሁሽ» አለች።

የማልችልበትን ምክንያት ደረደርኩላት። እምነቴ ሌላ ነው። ዕድሜዬ ገፍቷል። እንግሊዝኛዬ አጭር ነው። ሰው ማስተናገድ አላውቅበትም፤ ፈገግታ እንኳ ይከብደኛል። ደግሞም ወደ ውስጥ አልገባም። ሁሉንም በትዕግሥት ሰማችኝ።

«በር የሚጠብቅ ሰው ውስጥ ምን ይሠራል?» አለች።

ሾርባ አሙቄላት፣ ጥቂት ቀመሰችና ተኛች። ቤቴ ስመለስ ለቤቲ ነገርኳት። ልጄ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ የምሬን መሆኑን ስታይ፣ «እማ፣ አንቺ እኮ ጎረቤትሽን በኮሪደር ላለማግኘት በሩ ሥር ቆመሽ የምታዳምጪ ሰው ነሽ» አለችኝ። ይህም እውነት ነው።

የዚያን እሑድ ቀደም ብዬ ሄድኩ። ሃሮልድ በሩን ሲከፍት ከበሩ አጠገብ ቆሜ አገኘኝ። እንደ ሁልጊዜው ወንበሩን ሊያወጣልኝ ሲል በእጄ ከለከልኩት። «ስታንድ» አልኩት፤ እቆማለሁ ለማለት። ገባው። በሩ አልተቆለፈም።

ሥራው የፈራሁትን ያህል አልነበረም። እንግሊዝኛዬ አጭር መሆኑ እንዲያውም ጠቀመኝ፤ ልጠይቅ ብል እንኳ አልችልም። ሰው ሲመጣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን እላለሁ። ልብሱ የረጠበ ሰው መጥቶ ጸሎቱ እስኪያልቅ ወንበሬ ላይ ተኝቶ ሄደ። አንዲት ልጅ እግር ሴት ሕፃን ይዛ ራምፑ ላይ ስትመላለስ ቆይታ በመጨረሻ ገባች። እሑድ ማታ ለአጁሉ ኮል እያደረግሁ ማን እንደመጣ እነግራታለሁ። «የተኛው ሰውዬ» ትላለች። «ሕፃን የያዘችው።» ስም እየያዘች እንደሆነ ይገባኛል፤ ሶፋዋ ላይ ሆና ትጸልይላቸው ነበር።

አንድ ቀን እኔ ራሴ መጠየቅ አማረኝ። «ያን ጊዜ፣ ስም ሲጠራ፣ እኔን ምን ብለሽ ነበር የምትጠሪኝ?»

«አልጠራሁሽም።»

«ለምን?»

«የምጠራው የሄዱትን ነው። አንቺ እኮ እዚያው ነበርሽ።»

ከመሞቷ በፊት አንድ እሑድ መጣች። ልጇ ከሚኒሶታ መጥቶ ስለነበር በመኪና አምጥቶ ከራምፑ ሥር በዊልቸር አስቀመጣት፣ ከዚያ ፓርክ ሊያደርግ ሄደ። ጸሎቱ ተጀምሯል። ቀዝቃዛ ነፋስ አለ፤ ሹራቧ ሰፍቷታል። ልጇን እንጠብቅ ብዬ ነበር፣ ግን ስትንቀጠቀጥ አየሁ። ዱላዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ወረድኩና ዊልቸሩን ያዝኩ። ክብደት አልነበራትም። የሃሮልድ ራምፕ ድምፅ እንኳ አላሰማም። በሩ ዘንድ ስንደርስ መቃኑን በእጄ ነካ አድርጌ ሳምኩ፤ ከዚያ የሚገፋ ሌላ ሰው ስላልነበረ ገፋሁ። ምንጣፉ ላይ ስንሆን ነው የት እንዳለሁ ያወቅሁት። ሁሉም ዞረው አዩን። ሃሮልድ አፉን በእጁ ያዘ።

አጁሉ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ከሥር አየችኝ። «ገባሽ» አለች።

«አልገባሁም። አንቺን አስገባሁ።»

«እሺ» አለች። «እሺ፣ በቃ ሂጂ፤ በሩ ሰው የለውም።»

ከሃሮልድ ጎን አቁሜያት ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

የቀብሯ ጸሎት ቀን ሳጥኗ ወደ ውስጥ የገባው በዚያው ራምፕ ነው። ረጅም ሳጥን ነበር፤ በደረጃው ቢሆን ተሸካሚዎቹን ይከብዳቸው ነበር። ሃሮልድ መደገፊያውን ይዞ ወደ ኋላ እየሄደ መንገድ ይመራቸዋል። የአኙዋክ ወገኖቿ ከበሮ ይዘው መጥተው ዘመሩላት። ከኛ ሰፈርም ብዙ ሰው ነበር፤ በረንዳው ሞላ። ስም የሚጠራበት ሰዓት ሲደርስ ውስጡ ጸጥ አለ። ስሟን የሚጠራ ሰው እስኪመጣ ጠበቅሁ። ከውስጥ ማንም አልጠራም። ኋላ ላይ ቄሷ፣ ከበሩ ይምጣ ብለን ነው የጠበቅነው አለችኝ። ያኔ አላወቅሁም። ዝምታው ሲረዝም ግን፣ በዚያ ቤት ድምፄን አሰምቼ የማላውቀው ሴትዮ፣ «አጁሉ» አልኩ። ከፍ ብሎ ነው የወጣው።

ጥቂት ቆይቶ ቤቲ ከውስጥ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ክንዴን ያዘችና፣ «እማ፣ ሲት ሴቭ አድርጌልሻለሁ፤ ከሃሮልድ ጎን። ዛሬ እንኳ ግቢና ተቀመጪ፣ ፕሊስ» አለችኝ።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት ከአውቶቡስ ወርዳ ቆማለች። ወደ እኛ ታያለች፣ መልሳ ወደ ፌርማታው ታያለች። ከዚያ መንገዱን ተሻግራ ራምፑን ጀመረች።

«አንቺ ግቢ» አልኳት ልጄን። «እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

ሴትየዋ ስትደርስ አንድ እርምጃ ወደ ጎን አልኩ።